ከምርቱ ተነስቶ የአካባቢን የመንገድ መረብ ማቀድ፦ በጅማ ዞን ምሳሌነት

ይህ ጽሑፍ በወረዳ ወይም በዞን ደረጃ የመንገድ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ወይም እንዲገመግሙ ለሚጠየቁ ሰዎች የቀረበ ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር አመራሮችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ዕቅድ ተብሎ የሚቀርበው በኪሎ ሜትር የተሞላ ሠንጠረዥ ነው። መንገድ የሚሠራው ግን ሰውና ጭነት በሚፈለጉበት ጊዜ ከሚፈለጉበት ቦታ እንዲደርሱ ስለሆነ፣ እዚህ የማቀርበው አካሄድ ከምርቱና ምርቱ ከሚነሳበት ወቅት ይጀምራል።

ደረጃ 1፦ ያለውን መንገድ በሰዓት ይለኩ

ከጅማ ከተማ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ወደ አዲስ አበባ፣ በአጋሮ በኩል ወደ በደሌ፣ በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ እንዲሁም ወደ ጭዳ ይወጣሉ። እነዚህንና መጋቢ መንገዶቻቸውን በካርታ ላይ ለማስቀመጥ ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌርና የስልክ ጂፒኤስ በቂ ናቸው፤ ውድ ሶፍትዌር እስኪገዛ ሥራን ማቆም ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ በጥር በተነሳ የሳተላይት ምስል ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ መንገድ በነሐሴ ላያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መንገድ የበጋውንና የክረምቱን የጉዞ ሰዓት ለየብቻ ይመዝግቡ። ይህን ከሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎችና ከአይሱዙ ሾፌሮች በተሻለ የሚነግርዎ የለም።

ደረጃ 2፦ ከተሽከርካሪው ይልቅ ጭነቱን ይቁጠሩ

ዕቅዶች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር በመንገድ ዳር ቆጣሪ አስቀምጦ በቀን የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎች መመዝገብ ሲሆን፣ ለዋና መንገድ ትክክለኛ ዘዴ ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ግን የቆጠራው ውጤት ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ያገኘው ቀበሌ በቅደም ተከተሉ ከሁሉም በታች ይቀመጣል፤ መንገድ ስለማይሠራለትም በሚቀጥለው ቆጠራ እንደገና ዜሮ ያገኛል። በገበያ ቀን በዚያው ቦታ ቆሞ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ የሚያልፈውን ጭነት የመዘገበ ሰው ፍጹም የተለየ መልስ ይዞ ይመለሳል። የጅማው የሕርማታ ገበያ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከየአቅጣጫው ሲራራ ነጋዴ ሲስብ አስፋልት አልነበረም፤ በጥርጊያ መንገድ የሚሄድ ጭነት ዛሬም ሊቆጠር ይገባል።

ከገበያው ቀጥሎ የምርቱን ባሕርይ ይመርምሩ። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ ዋናው ምርት ቡና ስለሆነ እሱን ልውሰድ። አንድ ኪሎ ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ያስፈልጋል። በማጠቢያ ጣቢያ የደረቀው፣ ውስጠኛው ልባሱ ገና ያልተገፈፈው ቡና ደግሞ ከእሸቱ ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል። አንድ ጣቢያ በወቅቱ 300 ቶን እሸት ይቀበላል ብንል፣ 5 ቶን በሚጭን አይሱዙ ወደ ጣቢያው 60 ጉዞ ይደረጋል፤ ከጣቢያው የሚወጣው 60 ቶን ያህል ግን በ12 ጉዞ ያልቃል። ከባዱ ጭነት የሚንቀሳቀሰው ማንም በማይቆጥረው ከማሳ እስከ ጣቢያ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ጊዜውም እንዲሁ ወሳኝ ነው። እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ በቅርፊቱ ውስጥ መፍላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል። በአንጻሩ የደረቀው ቡና መኪና ቢዘገይበት ቀናትን ሊታገሥ ይችላል። ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚካሄድ፣ የመጋቢ መንገዱ አስጨናቂ ሳምንታት የሚጀምሩት የክረምቱ ጭቃ በቅጡ ሳይደርቅ ነው። በአማካይ ቀን የተሠራ ስሌት ይህን ጫና ይደብቀዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀበሌ የአሥራ ሁለቱን ወራት ጭነት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያዘጋጁና መንገዱን ከፍተኛ ጭነት ባለበት ወር ይመዝኑት። ሠንጠረዡ አንዳንድ ጊዜ መንገድ ከማርዘም ይልቅ አዲስ ማጠቢያ ጣቢያን ውሃ ባለበት ለማሳው ማቅረብ እንደሚሻል ያሳይዎታል። የጣቢያ ቦታ ምርጫ የትራንስፖርት ውሳኔም ነውና የእርሻና የመንገድ ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊወስኑት ይገባል።

ደረጃ 3፦ የሚቆረጥበትን ቦታ ይፈልጉ

አንድ መንገድ የሚያገለግለው ደካማው መሻገሪያው እስከፈቀደለት ድረስ ነው። ገረጋንቲ ለብሶ፣ በሮሎ ተጠቅጥቆ፣ ነገር ግን መካከሉ ላይ ያለው ወንዝ ያለ ድልድይ በመቅረቱ ክረምት በገባ ቁጥር ከሁለት የሚቆረጥ መንገድ አይቻለሁ፤ ከወንዙ ማዶ ላለው ገበሬ ያ ሁሉ ወጪ እንዳልወጣ ነው። በጀት ሲያንስ ኪሎ ሜትሩን ያሳጥሩ እንጂ ድልድዩን፣ ቱቦውንና የውሃ መውረጃ ቦዩን አይቀንሱ። ዋልካ አፈር ያለበትን ክፍልም በካርታው ላይ ለብቻው ያመልክቱ።

ደረጃ 4 እና 5፦ ቅደም ተከተልና መጫኛ ቦታ

ለቅደም ተከተል ሁለት መለኪያዎች ይበቃሉ፤ አንደኛው ለወጣው ብር መንገድ የሚያገኘው ጭነት በቶን፣ ሁለተኛው ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖረው የገጠር ሕዝብ ነው። የኋለኛው በዓለም ዙሪያ የታወቀ የገጠር ተደራሽነት መለኪያ ሲሆን፣ ነፍሰ ጡር እናትና ተማሪ ከቡናው ጋር አብረው እንዲቆጠሩ ስለሚያደርግ አጥብቄ እደግፈዋለሁ።

ከከተማው ዳር ለጭነት መኪናዎች የሚሆን ማቆሚያና መጫኛ ቦታ በዕቅዱ ይያዝ። ማዳበሪያ ክረምት ከመግባቱ በፊት ይመጣል፤ ቡናው ግን የሚወጣው ከለቀማ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ወቅት ባዶ መመለስ፣ በሌላው ባዶ መምጣት ያጋጥማል፤ የዚህም ዋጋ በኪራዩ ላይ ይጨመራል። መጋዘንና የጭነት መረጃ በአንድ ቦታ ሲገኙ ሲሚንቶና ሸቀጥ ያራገፈ መኪና እህል ወይም ቡና ጭኖ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል።

ደረጃ 6፦ ካሳና ጥገና ከግንባታው ጋር ይታቀዱ

የቡና ተክል ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ስለሚፈጅበት፣ መንገዱ ለሚወስደው እግር ቡና ካሳ ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ተሰልቶ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት መከፈል ይኖርበታል።

ለአስፋልት ክፍሎች የክብደት ቁጥጥርን በዕቅዱ ያስገቡ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ ታዋቂ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ ጉዳቱ የሚያድገው በአክስሉ (ጎማዎቹን በሚይዘው ዘንግ) ጭነት አራተኛ ርቢ ገደማ ነው፤ አክስሉ 20 በመቶ ከመጠን በላይ ቢጫን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ለጠጠር መንገዶች ደግሞ የጥገናውን ቀን መቁጠሪያ ከለቀማው ጋር ያያይዙ፤ ቦይና ቱቦ በግንቦት ይጠረጉ፣ ግሬደሩም ዝናቡ ሲቀንስ፣ የመጀመሪያው እሸት ከመለቀሙ በፊት ይሠማራ፤ የነዳጁና የኦፕሬተሩ ወጪም በዚያው ዓመት በጀት ውስጥ በስሙ ይመዝገብ።