ዕጢው የሚለቀውን ፕሮቲን የሚይዝ መድኃኒት ሲታዘዝ፦ ምን ትጠይቃላችሁ፣ ምኑን ትከታተላላችሁ?

«ካንሰር የሚለቀውን ፕሮቲን የሚያስቆም መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል። ቤቱ ታማሚ ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ዜና ዝም ብሎ አያልፍም። ያነባል፣ ለዘመድ ይልካል፣ «ለእኛስ ይሆን ይሆን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለመልሱ ግን ዜናው ብቻውን አይበቃም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ፣ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላም ምኑን ነቅታችሁ እንደምትጠብቁ ማወቅ አለባችሁ።

እኔ ሁሌም የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። ይህ ፕሮቲን በጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? ዕጢው የሚለቃቸው ፕሮቲኖች በአብዛኛው የራሳችን ናቸው፤ አለቦታቸውና ከመጠን በላይ ያመርታቸዋል እንጂ አዲስ አልፈጠራቸውም። ስለዚህ ሥራቸውን ካወቃችሁ መድኃኒቱ የት እንደሚጠቅምም የት እንደሚጎዳም ግማሹን አወቃችሁ።

ምልክት ነው ወይስ መሣሪያ?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። ፒኤስኤ (ለፕሮስቴት)፣ ኤኤፍፒ (ለጉበት)፣ ሲኤ-125 (ለኦቫሪ) የሚባሉትን የደም ምርመራዎች ሰምታችሁ ይሆናል። እነዚህ በደም ውስጥ የሚለኩት ሕመሙን ለመከታተል ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ሕክምናው እየሠራ ሊሆን ይችላል፣ ሲወጣ ደግሞ ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል። ካንሰር ሳይኖርም ከፍ ሊሉ ይችላሉ። እነሱን ጠቋሚ በሏቸው።

መሣሪያ የምለው ዕጢው ለራሱ ጥቅም የሚልከውን ነው። ዋናው ምሳሌ ቪኢጂኤፍ የሚባለው፣ ደም ስር እንዲያድግ የሚያዝዝ ፕሮቲን ነው። ዕጢ የራሱ ደም ስር ከሌለው ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ማደግ ይቸግረዋል። ጁዳ ፎክማን የተባሉ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ደም ስሩን ብንከለክለውስ?» የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ በጊዜው ብዙ ሰው አልተቀበላቸውም። በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ቪኢጂኤፍን ለይተው አወጡ። ዕጢው ይህን ፕሮቲን በአካባቢው ይረጫል፣ አጠገቡ ያሉ ደም ስሮች ያንን ይዘው ወደ እሱ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ቤቫሲዙማብ (አቫስቲን በሚለው ስም ይታወቃል) ፕሮቲኑ ደም ስሩ ጋ ሳይደርስ ይይዘዋል። የካንሰሩን ሴል በቀጥታ አይገድልም፤ መልእክቱን ነው የሚያቋርጠው። ለዚህም ነው አብዛኛውን ጊዜ ከኬሞ ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ተዳብሎ የሚሰጠው።

ይህን ትራስቱዙማብ ከሚባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት ጋር አታምታቱት። ትራስቱዙማብ የሚይዘው ኸር-2ን ነው፤ ኸር-2 ደግሞ ሴሉ ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ለትራስቱዙማብ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ኸር-2 መብዛቱ ይረጋገጣል። ለቤቫሲዙማብ ግን ማን እንደሚጠቀም አስቀድሞ የሚለይ እንዲህ ያለ ምርመራ የለም። «ለእሷ ምርመራ ተደረገላት፣ ለእኔ ለምን አልተደረገም?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ምን እንደሚሰጣችሁ በግልጽ ጠይቁ

ከሁሉም በላይ አጥብቃችሁ እንድትጠይቁ የምፈልገው ይህን ነው። «ይሠራል?» አትበሉ። «ዕድሜ ያረዝማል፣ ወይስ ዕጢው እንዳያድግ ለጊዜው ያዘገያል፣ ወይስ አቅም እንዳገኝ ይረዳል?» በሉ። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፣ ሦስቱም ዋጋ አላቸው፣ ግን የትኛውን እንደምትጠብቁ ሳታውቁ መጀመር በኋላ ልብ ይሰብራል።

ያው ቤቫሲዙማብ እንደ ካንሰሩ ዓይነት መልሱ ይለያያል። በተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ በተደረገው ሙከራ፣ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ15.6 ወር በላይ በሕይወት ቆዩ፤ ቤቫሲዙማብ ከተጨመረላቸው ግማሾቹ ደግሞ ከ20.3 ወር በላይ። በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው በዚህ ውጤት ነው። ለጡት ካንሰርም በ2008 ተፈቅዶ ነበር። ግን ዕጢው ሳያድግ የሚቆይበትን ጊዜ ቢጨምርም ሴቶቹ ረዘም ላለ ጊዜ እንደኖሩ ማሳየት ስላልተቻለ፣ ጉዳቱም ስላለ፣ በ2011 ፈቃዱ ተነሣ። ግሊዮብላስቶማ በሚባለው የአንጎል ካንሰርም ተመሳሳይ ነው፦ ያዘገያል፣ ዕድሜ ሲያረዝም ግን አልታየም። በሌላ በኩል በጉበት ካንሰር ላይ አቴዞሊዙማብ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ሲጣመር ዕድሜ ጨምሯል፣ በ2020ም ተፈቅዷል። አንዱ ዘመዳችሁ በመድኃኒቱ ስለዳነ ወይም ስላልዳነ ብቻ ለእናንተም ያው ይሆናል ብላችሁ አትደምድሙ።

«አቅም ይሰጣል» ለምለው ደግሞ ጂዲኤፍ-15 ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ አንጎል ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ተገናኝቶ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። በብዙ የካንሰር ታማሚዎች ደም ውስጥ ከፍ ይላል። አስታማሚዎች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፦ ሰውዬው አልበላም ይላል፣ ጡንቻው ይቀልጣል፣ እናንተ ትለምናላችሁ፣ እሱ ይናደዳል። ጥፋቱ የእሱ ግትርነት አይደለም፣ የእናንተ ምግብ አሠራርም አይደለም። በ2024 በወጣ፣ 187 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ይህን ፕሮቲን የሚይዝ ፖንሴግሮማብ የተባለ መድኃኒት ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት ሰዎች በ12 ሳምንት ውስጥ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ወደ 2.8 ኪሎ ልዩነት አሳይተዋል። ዓላማው ካንሰሩን ማጥፋት አልነበረም። ግን ኪሎና ጉልበት ለታማሚ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱ። ቪኢጂኤፍ በጤነኛ ሰው ውስጥ ቁስል እንዲድን፣ ደም ስር እንዲጠገን፣ ኩላሊት በደንብ እንዲያጣራ ይረዳል። እሱን ስታስቆሙት እነዚህም ይነካሉ። ስለዚህ ለሐኪሙ የምትነግሩትን ከዚህ ማውጣት ትችላላችሁ። ቀዶ ሕክምና በቅርብ ከተደረገ ወይም ከታሰበ፣ ትንሽ የመሰለም ቢሆን፣ ጥርስ ማስነቀልም ጭምር፣ ተናገሩ። በትልቅ ቀዶ ሕክምናና በቤቫሲዙማብ መካከል፣ በፊትም በኋላም፣ ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል፣ ቁስሉም በደንብ መዳን አለበት። የደም ግፊት ካለ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ታይቶ ከሆነ፣ የደም ማቅጠኛ የሚወሰድ ከሆነ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ካለፈ፣ እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ አትደብቁ። የጉበት ካንሰር ያለበት ሰው የምግብ ቧንቧው ደም ስሮች አብጠው ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) ይታዘዛል፤ «ይህ ደግሞ ለምን?» ብላችሁ አትዝለሉት።

ከጀመራችሁ በኋላ

ቤቫሲዙማብ በደም ስር በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣል። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፣ ከተስማማ የሚቀጥሉት ያጥራሉ።

ግፊት መለኪያ ቤት ይኑራችሁ። ግፊት መጨመር በጣም የተለመደ ነው፣ በክኒንም ይስተካከላል፤ ችግሩ ሳይታወቅ ሲቆይ ነው። ጠዋት ረጋ ብላችሁ ለኩ፣ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ፣ በቀጠሮ ቀን ይዛችሁ ሂዱ። ሽንት በየጊዜው ለፕሮቲን ይመረመራል። ሽንቱ አረፋ ማብዛት ከጀመረ ወይም እግር ካበጠ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ንገሩ። ትንሽ ነስር ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፣ ጫን አድርጎ መያዝ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

እነዚህ ሲመጡ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፦ ድንገት የጀመረ ኃይለኛ የሆድ ሕመም (አንጀት ሊበሳ ይችላል)፣ ደም ማስታወክ ወይም ማሳል፣ የማይቆም ነስር፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ብቻ እብጠት፣ የአንድ ጎን መድከም ወይም የአፍ መጣመም፣ ከባድ ራስ ምታት ከእይታ መደብዘዝ ጋር፣ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ፣ የተከፈተ ቁስል። «እስኪነጋ እንየው» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ስትደርሱም መጀመሪያ የመድኃኒቱን ስም ተናገሩ፤ ተረኛው ሐኪም የካንሰር ሐኪም ላይሆን ይችላል።

አዲስ ዜና ስታነቡ

መጀመሪያ የት ተሞከረ የሚለውን ፈልጉ። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ? በአይጥ? በሰው? በሰው ከሆነ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባለውን ፕሮቲን ውሰዱ። ዕጢው ይህን ተጠቅሞ የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ያባርራል፣ ስለዚህ ማስቆሙ ጥሩ ይመስላል። ይህን ፕሮቲን እንዲይዝ የተሠራው ቢንትራፉስፕ አልፋ የተባለው መድኃኒት በመጀመሪያ ሙከራዎች በሳንባ ካንሰር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ሥራ ላይ ካለው ፔምብሮሊዙማብ ጋር ፊት ለፊት ሲነጻጸር ግን የተሻለ ሊሆን እንደማይችል ስለታየ ሙከራው በ2021 ቆመ። ቲጂኤፍ-ቤታ በካንሰር መጀመሪያ ላይ የሴሎችን እድገት ይገታል፣ በኋላ ነው ለዕጢው የሚያግዘው፤ እንዲህ ሁለት ፊት ያለውን ነገር ማስቆም ቀላል አይደለም።

ወደ ክሊኒካል ሙከራ እንድትገቡ ከተጠየቃችሁ ደረጃው ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ደረጃ 1 በዋናነት የሚፈትሸው ደኅንነትንና መጠንን ነው። የፕላሴቦ ቡድን አለ ወይ፣ የተለመደው ሕክምና ይቀጥላል ወይ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን ያክማል፣ በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይቻላል ወይ የሚሉትን በጽሑፍ ተቀበሉ። ፎርሙን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት፣ ያልገባችሁ ላይ አስምሩበት፣ ሳትፈርሙ ተመልሳችሁ ጠይቁ።