በሚንተንስ ሌሊት አሸናፊ አትፈልጉ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1961፣ በእኛ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. የገና ዋዜማ፣ የጃዝ ሙዚቀኞቹ ኤዲ «ሎክጆ» ዴቪስና ጆኒ ግሪፊን ቴነር ሳክስፎናቸውን አንግተው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ በሚንተንስ ፕሌይሃውስ ክለብ መድረክ ላይ ቆሙ። ፕሬስቲጅ የተባለው አሳታሚ ሌሊቱን ቀድቶ አስቀረው። ይህን ቅጂ ለሰው ባሰማሁ ቁጥር የሚገጥሙኝ ስህተቶች ያው ናቸው።

ከሁሉ የሚብሰው «ማን አሸነፈ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በአድማጭ ብቻ አልፈርድም፤ እንዲህ ያሉ አልበሞች የቴነሮች ፍልሚያ እየተባሉ ሲሸጡ ኖረዋል። ሁለቱ ግን ለአንድ ምሽት የተገናኙ ባላንጣዎች አልነበሩም፤ ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ አንድ ኩንቴት (የአምስት ሰው ባንድ) አብረው ይመሩ ነበር። ፉክክሩ አለ፣ አልክድም፤ ነገር ግን የሰርግ ቤት እስክስታን ይመስላል። አንዱ ትከሻውን ሲሰብቅ ፊት ለፊቱ የቆመው ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም፣ መልስ ይሰጣል። ሲበቃቸው ዋንጫ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የሚቀባበሉበትን ቅጽበት አድምጡ፤ አንዱ ሐረጉን ሲጨርስ ሌላው ከየት ያነሳዋል? እንዴትስ ያጣምመዋል? የአልበሙ ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሁለቱም አንድ ናቸው፣ አልለያቸውም» ማለት ነው። ይለያያሉ፤ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። በካውንት ቤዚ የጃዝ ኦርኬስትራ ያለፈው ዴቪስ ድምፁ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ያጉረመርማል፣ ሐረጉን ባልጠበቃችሁት ቦታ ቆርጦ ይወረውረዋል። የጌታቸው መኩሪያን የሳክስፎን ሽለላ የለመደ ጆሮ እዚህ ጋ እንግድነት አይሰማውም። የቺካጎው ልጅ ግሪፊን ደግሞ ቁመቱ አጭር በመሆኑ «ትንሹ ግዙፍ» ይሉታል፤ ድምፁ ስል ነው፣ ጣቶቹ ይከንፋሉ። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ፈጣኑን የተሻለ አድርጎ መቁጠር። ግሪፊን አንድ መቶ ቃል በሚናገርበት ጊዜ ዴቪስ በሦስት ቃል ብቻ ቤቱን ሲያናውጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ከኋላ ያሉትን ሦስቱን መርሳትም አለ። ፒያኖው የጁኒየር ማንስ፣ ቤዙ የላሪ ጌልስ፣ ድራሙ የቤን ራይሊ ነው። ጌልስና ራይሊ በኋላ ከፒያኖ ተጫዋቹና የዜማ ደራሲው ተሎኒየስ ሞንክ ጋር ተጫውተዋል። አንዱን ዜማ ቤዙን ብቻ ተከትላችሁ ስሙት፤ ሳክስፎኖቹ በምን ተማምነው እንደሚያብዱ ይገባችኋል።

የቤቱን ጫጫታ እንደ ጉድለት የሚቆጥሩም አሉ። ስቱዲዮ የፈለገ የስቱዲዮ ሥራቸውን ይስማ። ይህ ክለብ በእ.ኤ.አ. 1940ዎቹ መጀመሪያ ሞንክ ራሱ የቤቱ ፒያኖ ተጫዋች ሆኖ የሠራበት፣ ቢቦፕ የሚባለው የጃዝ ስልት ያደገበት ነው። ሁለቱ በዚያ ሌሊት «ስትሬት ኖ ቼዘር»ን የመሳሰሉ የሞንክ ሥራዎችን ሲያነሱ ለቤቱ የሚገባውን ሰጡ እንጂ በአጋጣሚ አልነበረም።

የመጨረሻው ኪስ የሚጎዳ ነው። የዚያ ሌሊት ቅጂ በተለያዩ ዓመታት በአራት ሸክላ፣ በአራት የተለያየ ስም ወጥቷል፤ በኋላም ተሰብስቦ ታትሟል። እኔ ሁለቱን ሸክላዎች ከገዛሁ በኋላ ስብስቡን አዲስ አልበም መስሎኝ ደግሜ ገዛሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ሽፋኑን ገልብጡና ቀኑን እዩ፤ ጃንዋሪ 6 ቀን 1961 የሚል ከሆነ ያው ሌሊት ነው።