የጅማን የዱር ዕፅዋት በቤተሰብ ስንመድብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በበለጠ ጌራ ደን፣ በቦዬ ረግረግ ዳር ወይም በየሰፈሩ አጥር ሥር ዕፅዋት እየሰበሰቡ በቤተሰብ፣ ማለትም በዝምድና፣ የሚመድቡ ሰዎች የሚስቱት ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው። አበባና ፍሬ ሳያዩ በቁመት፣ በስም፣ በጠረን ይወስናሉ።

በቁመት መመደብ

ዛፍን ከዛፍ፣ አረምን ከአረም ጋር ማስቀመጥ የብዙ ጀማሪ ልማድ ነው። ግራዋን እንውሰድ። አድጎ ዛፍ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ግን የአደይ አበባ፣ የኑግና የሱፍ ቤተሰብ የሆነው አስተራሲዬ ነው። የአደይን አበባ በጥፍራችሁ ፈልቅቁት። አንድ አበባ የመሰላችሁ ነገር አንድ ላይ የታጨቁ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ዳር ዳሩን ያሉት ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። የግራዋ ነጭ አበባም ሲፈለቀቅ እንዲሁ ነው፤ ዳር ላይ የሚዘረጉት ብቻ የሉትም።

ቡናም ጥሩ ማስተማሪያ ነው፤ ጅማ ላይ ለመማሪያ የሚሆን ቅርንጫፍ ደግሞ አይጠፋም። ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። በሁለቱ የቅጠል እግሮች መካከል፣ ግንዱ ላይ፣ ሾል ያለች ትንሽ ሽፋን አለች፤ ይህች የሩቢያሲዬ ቤተሰብ ምልክት ናት። ልብስ ላይ የሚጣበቀው አሽክትም ሩቢያሲዬ ነው ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። አሽክት ላይ ያቺ ሽፋን አድጋ ቅጠል ስለምትመስል፣ ቅጠሎቹ አንጓውን ዙሪያውን የከበቡት ይመስላል። አበባው ግን ከቅጠሉ በላይ ያስረዳል፦ በቡናም በአሽክትም የአበባው ቅጠሎች ሥራቸው ላይ የተያያዙ ሲሆኑ፣ ፍሬ የሚሆነው ክፍል ከነሱ በታች ይገኛል።

በስም መታለል

ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ የዱር ባይሆኑም ለዚህ ስህተት የተመቹ ናቸው። ነጩ ከድንብላል፣ ከእንስላልና ከካሮት ጋር አፒያሲዬ ውስጥ ነው፤ አበባው እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ጥቁሩ ራነንኩላሲዬ ነው፤ ዝምድና የላቸውም።

በጅማ በኩል ሌላም ጣጣ አለ፤ አንዱ ተክል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጠራል። ብሳና ባካኒሳ፣ ዋንዛ ወዴሳ፣ ግራዋ ኤቢቻ ይባላል። ሁለቱንም ስም አንድ ወረቀት ላይ ካልጻፋችሁ፣ ያንኑ ተክል ሁለት ጊዜ መዝግባችሁ ትገኛላችሁ።

በወተቱ መፍረድ

ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ የሚያወጣውን ሁሉ «የቁልቋል ዘመድ» ማለት በጣም የተለመደ ነው። ቁልቋልና ቅንጭብ በእርግጥ ዩፎርቢያሲዬ ናቸው። ሾላና ዋርካ ግን ሞራሲዬ፣ አጋም ደግሞ አፖሳይናሲዬ ናቸው፤ ሁሉም ነጭ ፈሳሽ ያወጣሉ። በተቃራኒው ብሳና ነጭ ወተት የለውም፤ ሆኖም ከቁልቋል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። እውነተኛው ምልክት ፍሬው ላይ ነው። የጉሎን ፍሬ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሦስት ክፍል አለው፣ በየክፍሉ አንድ ዘር ይቀመጣል። የብሳናንም የቁልቋልንም ፍሬ ብትከፍቱ ይኸንኑ ታያላችሁ። ለሾላ ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቁት፤ አበቦቹ ከውስጥ ናቸው። (የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል፤ ከነካችሁት ሳትታጠቡ ፊታችሁን አትንኩ።)

ሽታና አራት ማዕዘን ግንድ

ዳማከሴና በሶብላ ላሚያሲዬ ናቸው፦ ግንዳቸው አራት ማዕዘን፣ ቅጠላቸው ፊት ለፊት፣ ሽታቸው ደስ የሚል። ችግሩ ኮሰረትም ሽታው እንዲሁ ደስ የሚል፣ ቅጠሉም ፊት ለፊት የሚወጣ መሆኑ ነው፤ የወፍ ቆሎማ ግንዱ ሳይቀር አራት ማዕዘን ነው። ሁለቱ ግን ቨርቤናሲዬ ናቸው። ለመለየት የደረቀ አበባ ፈልጉ፤ ዳማከሴ ውስጥ አራት ጥቃቅን ፍሬዎች ሲኖሩ ኮሰረት ውስጥ ሁለት ናቸው። ጤና አዳምን በጠረኑ ብቻ ከዳማከሴ ቤተሰብ መክተትም ስህተት ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሡት፤ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች ይታያሉ። የሎሚና የብርቱካን ቅጠልም እንደዚያው ነው፤ ሦስቱም ሩታሲዬ ናቸው።

ቅጠል ብቻ ይዞ መመለስ

ለቡና ጥላ የሚሆነው ሰሳና በመንገድ ዳር የሚተከለው ጃካራንዳ ደጋግሞ የተከፋፈለ ደቃቅ ቅጠል አላቸው። ሰሳ የባቄላ ቤተሰብ ፋባሲዬ ነው፤ ጃካራንዳ አይደለም። የሰሳ ቅጠሎች ቅርንጫፉ ላይ ተራ በተራ ይወጣሉ፣ ፍሬውም ጠፍጣፋ ረጅም ቆባ ነው፤ የጃካራንዳ ቅጠሎች ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፣ ፍሬውም ክብ ጠፍጣፋና እንጨት የመሰለ ነው። እዚያው ፋባሲዬ ውስጥ ደግሞ የብርብራ አበባ የአተር አበባ ቅርጽ አለው፤ የሰሳ ግን የረዘሙ ክሮች ስብስብ ነው። በአበባ ብቻ ካያችኋቸው ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ይመስሏችኋል፤ ቆባቸው አንድ ያደርጋቸዋል።

ሣርና ቀጤማ

ቦዬ ዳር ያለውን ሁሉ ሣር አትበሉ። ግንዱን በጣቶቻችሁ አሽከርክሩት፤ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ ሙሉ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፐራሲዬ ነው፣ ቀጤማም እዚያው ነው።

ዝምድናን የመብል ማረጋገጫ ማድረግ

ይህን ስህተት በቀልድ አላልፈውም። ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ ሶላናሲዬ ናቸው፤ አስቴነግርና እምቧይም እንዲሁ። አስቴነግር አእምሮ የሚያስት፣ ሰው የሚገድል መርዝ አለው። ተክሉ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ማወቅ ይበላል አይበላም የሚለውን አይመልስም።

የቆየ መጽሐፍን ብቻ ማመን

ምስርች በቆዩ መጻሕፍት ቨርቤናሲዬ ውስጥ ተጽፏል፤ አሁን የሚቀመጠው ከዳማከሴ ጋር ላሚያሲዬ ውስጥ ነው። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዘረመል ላይ የተመሠረተው የአበባ ዕፅዋት ምደባ ብዙ ተክል አዛውሯል፤ አራተኛው እትሙ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ወጥቷል። ስለዚህ ናሙናው ላይ የቤተሰቡን ስም ስትጽፉ የተከተላችሁት መጽሐፍ የታተመበትን ዓመት አጠገቡ አስፍሩ።