የደም አጋር ቀለበት ሲደበዝዝ፦ ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ውስጥ በማስተማሪያ ላቦራቶሪ የደም አጋር (ደም የተቀላቀለበት የባክቴሪያ ማብቀያ) የሚያዘጋጅ ሰው “ባክቴሪያው በቅሏል፣ ዙሪያው ግን አልጠራም” የሚል ቅሬታ ሳይሰማ አይቀርም። ብዙዎች ጣታቸውን በባክቴሪያው ላይ ይቀስራሉ። በባክቴሪያው ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት የሚወጣው ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ የደም ህዋሶቹን ሲያፈርስ ነው፤ ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የማየው መርዙ የደም ህዋሱን ሽፋን በምን እንደሚይዝ ነው።

ሳህኑ በሙሉ ቡናማ ከሆነ መርዝ አትፈልጉ፤ ደሙ ገና ትኩስ በሆነ አጋር ላይ ፈስሷል። ከ45 እስከ 50 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቁ። ባልዘራችሁት ሳህን ላይ እንግዳ ነገር ከበቀለ ደግሞ አውቶክሌቩን (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለውን ማሽን) ጠርጥሩ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ሙቀቱ 121 ዲግሪ አልደረሰም። ቴርሞሜትሩን እመኑ።

የስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ቀለበት ደብዛዛ ከሆነ

ምክንያት፦ ይህ ባክቴሪያ ደም የሚያፈርሱ ሁለት መርዞች አሉት። ስትሬፕቶላይሲን ኤስ ኦክስጅንን ይቋቋማል፤ ስትሬፕቶላይሲን ኦ ግን አይችለውም። የኋለኛው ረዘም ያለ ፕሮቲን ሲሆን በአንደኛው ጫፉ የሽፋኑን ኮሌስትሮል ለይቶ ይይዛል። እዚያው ጫፍ ላይ 11 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቁራጭ አለ፤ በውስጡ ያለው ሲስቴይን ኦክሳይድ ሲሆን መርዙ ኃይሉን ያጣል። ደህና ከሆነ ግን በአስሮች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ኮሌስትሮሉ ላይ ተሰብስበው ክብ ይሠራሉ፤ ከዚያም በአንድነት ሽፋኑን ይበሳሉ። ቀዳዳው እስከ 30 ናኖሜትር ሊሰፋ ስለሚችል 6 ናኖሜትር የማይሞላው ሄሞግሎቢን እንደ ልቡ ይወጣል።

መፍትሄ፦ ከዘራችሁ በኋላ ሉፑን (የመዝሪያውን ሽቦ) ሁለት ሦስት ቦታ ወደ አጋሩ ውስጥ ውጉና ውጤቱን እዚያ አንብቡ፤ ከገጹ በታች ኦክስጅን ያንሳል። ኦክስጅን አልባ ማሰሮ ካላችሁ የተሻለ ነው። የሻማው ማሰሮ (ሻማ በርቶበት የሚከደነው) ኦክስጅንን ስለማይጨርስ አልተማመንበትም። መሠረቱ ግሉኮስ ያለበት አጋር ከሆነም ቀይሩት፤ ከስኳሩ የሚወጣው አሲድ ቀለበቱን ያደበዝዛል።

ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ በሰው ደም ላይ ካልጠራ

ምክንያት፦ ቀኑ ያለፈበት የደም ከረጢት በነፃ ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ውጤቱ ግን አያዋጣም። የአልፋ መርዙ ሰባት ሞለኪውሎች ተጋጥመው የሚሠሩት ሲሆን፣ ቅርጹ በ1996 ሲታወቅ እንጉዳይ መሰለ። ግንዱ ሽፋኑን ሰንጥቆ ይገባል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ሄሞግሎቢን አያሳልፍም፤ ጨውና ውሃ ይገቡና ህዋሱ አብጦ ይፈነዳል። የጥንቸል ቀይ ህዋስ ለዚህ መርዝ ከሰው ህዋስ ከ100 እጥፍ በላይ ተጋላጭ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመር ሲትሬት አለ፤ ለጋሹም ስትሬፕቶላይሲን ኦን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ሊኖረው ይችላል።

መፍትሄ፦ መድኃኒት ካልወሰደ ጤነኛ በግ፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ ከደም ሥሩ ይቀዳ። የቄራ ደም ንጹሕ አይደለም። ደሙን የመስታወት ዶቃ ባለበት ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ በቀስታ አዙሩት፤ ነጫጭ የፋይብሪን ክሮች ዶቃዎቹ ላይ ሲጠመጠሙ ታያላችሁ። ደሙ ከዚያ በኋላ አይረጋም።

በበግ ደም ላይ የስታፊሎኮከስ ቀለበት ጭጋጋማ ሆኖ ከቀረ

ይህ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የቤታ መርዙ ሽፋኑን አይበሳም፤ በበግ ህዋስ ውስጥ በብዛት ያለውን ስፊንጎማየሊን የተባለ የሽፋን ቅባት የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። በ37 ዲግሪ ካደረ በኋላ ሳህኑን 4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠራል። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ የተባለውን ባክቴሪያ ለመለየት የሚያገለግለው፣ በ1944 የታወቀው የካምፕ (CAMP) ምርመራ የሚጠቀመው ይህንኑ መርዝ ነው። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤን ወደ ስታፊሎኮከሱ መስመር አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ ስትዘሩት፣ የቀስት ጫፍ የመሰለ ጥርት ያለ ቦታ ይወጣል። ሁለቱ መስመሮች እንዳይነካኩ ብቻ ተጠንቀቁ።