ለቆሎ ተማሪ ስትናዘዙ የምትሳሳቱት

ጎንደር ውስጥ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። በየጊዜው አንድ አባት ወይም አንዲት እማሆይ መጥተው «ልጄ፣ ቤቴን ለቆሎ ተማሪ መተው እፈልጋለሁ» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ከዚያ ቀደም ብለው ያስጻፉትን ወረቀት ከጋቢያቸው ስር ያወጡታል። ያን ጊዜ ራሴን ያመኛል።

በጣም የሚያናድደኝ የምስክር ነገር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግልጽ ነው። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ያ ከሌለ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ ምስክር ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጣ ይፈርማል። ሌላው በማግስቱ ገበያ ሲሄድ። «እሳቸውን አምናቸዋለሁ፣ ምን አነባለሁ» ይላል። ኧረ ተዉ! አራቱም አንድ ላይ ቁጭ ብለው ይስሙ፣ እዚያው ይፈርሙ። ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ በሥራው ላይ ሆኖ ከመሰከረ ግን እሱን ጨምሮ 2 ምስክር ይበቃል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ አዛውንት ኑዛዜ ጻፍኩ። አራቱም ምስክሮች ሰሙ፣ ፈረሙ፣ ቡና ጠጣን። «በፊታችን ተነቦ» የምትለዋን ብቻ ዘለልኳት። ሰውዬው ሲያርፉ የወንድም ልጆች ተከራከሩ፣ ኑዛዜው ፈረሰ። ኪራዩ ለተማሪ ቀለብ እንዲሆን የታሰበው ቤት ለእነሱ ሆነ። ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ ቀና አልልም።

«የንስሐ አባቴ ያውቃሉ» ማለትም አያዋጣም። በቃል የሚተላለፍ ስጦታ ጣሪያው 500 ብር ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር ከኖረ ደግሞ ቃሉ ይወድቃል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አትናዘዙ፤ ፈራሽ ነው።

«ለአብነት ትምህርት ቤት» ብላችሁም አትተዉት። የትኛው? ጎንደር የ44 ታቦት አገር ናት። በአታ ያለውን አቋቋም ቤት ነው ያሰባችሁት? ቅኔ ቤት? መጻሕፍት ቤት? የደብሩን ሙሉ ስም ጻፉ። በየኔታ ስም ግን አትጻፉት፤ ቀድመዋችሁ ካረፉ ስጦታው ዋጋ ያጣል። ለምን እንደሚውልም ተናገሩ፦ ለቀለብ፣ ለጎጆ ማደሻ። አንድ አባት «ለደብሩ» ብቻ ብለው ገንዘቡ አጥር ተሠራበት። ተማሪው አሁንም አኩፋዳውን አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይዞራል።

ልጅ ያላችሁ፣ ልጃችሁን ዝም ብላችሁ አትዝለሉት። ልጅን ከውርስ መንቀል በግልጽ፣ ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት። «ለነፍሴ ብዬ ነው» በሚል ብቻ ልጅ አይነቀልም።

በራሳችሁ እጅ የምትጽፉ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ራሳችሁ ጻፉት። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አስፍሩ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ አኑሩ። በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም።

ለምታምኑት ሰው ደግሞ ያለበትን ቦታ ንገሩ። አንዲት እማሆይ ወረቀታቸውን ሙዳይ ውስጥ አስቀምጠው ለማንም ሳይነግሩ አረፉ። የተገኘው ለተዝካራቸው ዕቃ ሲፈለግ ነው። ወራሾቹ ያን ጊዜ የቤቱን ቁልፍ ቀይረው ጨርሰዋል።