ማይኩ በነፋስ «ፉፉፉ» ሲል
ደሴ ላይ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋሱ ሲነሳ ማይኩ «ፉፉፉ» ይላል፤ ዜናው አይሰማም። ድምፅ መጨመር አያዋጣም፣ ነፋሱም አብሮ ይጮኻል።

አዲስ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ግዙ። ሸካራውን ጎን ቅደዱና ጣሉት፣ ለስላሳውን መሃሉን ቦርቡራችሁ ማይኩ ጭንቅላት ላይ አጥልቁት። ስፖንጁ ነፋሱን ይሰብረዋል፣ ድምፅ ግን በቀዳዳዎቹ ያልፋል። አንባቢው ደግሞ አፉን ከማይኩ ትንሽ ወደ ጎን ያድርግ፤ «ፐ» እና «ጰ» ሲል የሚፈነዳው ትንፋሽ ማይኩን አይመታውም።

ወፍራም ጨርቅ አትጠቅልሉበት፣ ድምፁን ያፍነዋል። ስፖንጁን ዝናብ ከነካው አውልቁት። ማይኩ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም፤ እሱ የሚድነው አንባቢው ከስፒከሩ ኋላ ሲቆም ነው።