ቢራቢሮ አይባረርም!

ሰሞኑን ቢራቢሮ ፎቶ ማንሳት የሚማሩ ጀማሪዎችን ይዤ፣ ብርቅዬ ቢራቢሮዎች ወዳሉበት ጥብቅ ስፍራ ሄጄ ነበር። ገና ከመኪና ሳንወርድ አንዱ «ያቻትና!» ብሎ በረረ። ቢራቢሮዋ አመለጠች፤ እሱ ግን እስከ እኩለ ቀን ሲሮጥ ዋለ። ካሜራውን ከፍተን ስናይ ሠላሳ የሣር ፎቶ።

ማባረር የመጀመሪያው ስህተት ነው። ስንቴ እንደተናገርኩት እኔም ረስቼዋለሁ። ዓይኗ ከኋላ የሚመጣውን ሳይቀር ያያል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ይይዛል። ይልቅ አንድ አበባ ያለበት ቦታ ቁሙና ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ዞራ ትመለሳለች። እርጥብ ጭቃ ላይ ተሰብስበው ካገኛችኋቸውማ ሎተሪ ደረሳችሁ። ጨው እየመጠጡ ነው፣ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው፤ ያኔ እናንተን ከቁብ አይቆጥሯችሁም። ጎንበስ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ። ብቻ ጥላችሁ እንዳያርፍባቸው። ጥላ ካረፈ አለቀ።

ረፍዶ መድረስም አለ። ቢራቢሮ ሙቀቷን በአብዛኛው የምታገኘው ከፀሐይ ነው። እንደ ልብ ለመብረር የደረቷ ጡንቻ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠጋት አለበት። ስለዚህ ጠዋት ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ነው መገኘት ያለባችሁ። «እንዳትበር ይዘን ብናቀዘቅዛትስ?» የሚል አይጠፋም። እሱ ከእኔ ጋር አይሄድም።

ፎከስ ዓይኗ ላይ ይሁን። ትንንሽ ነገሮችን ከቅርብ በሚያነሳው በማክሮ ሌንስ ስትጠጉ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ካሜራውን ከክንፏ ጋር ትይዩ አድርጉ። አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) f/8 ወይም f/11፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/500 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። የክንፏን የታችኛውን ገጽም አንሱ። እኔ አንድ ጊዜ ከላይ ብቻ ያነሳኋት ቆንጆ ቢራቢሮ አለችኝ፤ ዝርያዋን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ የሚረግጡትን አለማየት። የብዙ ብርቅዬ ቢራቢሮዎች አባጨጓሬ የሚበላው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ተክል ብቻ ነው። እኔ ራሴ ለአንድ ፎቶ ብዬ ተንበርክኬ ስነሳ፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ እርጥበት አየሁ። አባጨጓሬ ነበር። ፎቶው አምሮ ወጥቷል፣ ግን ለማንም አላሳየሁትም። እንግሊዝ ውስጥ ላርጅ ብሉ የምትባለው ቢራቢሮ እ.ኤ.አ. በ1979 ጠፍታ ነበር። ያጠፏት ቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ናቸው ተብሎ አጥር ሁሉ ታጥሮላታል። ለካ ከብት ስላልጋጠው ሣሩ ረዝሞ፣ መሬቱ ቀዝቅዞ፣ አባጨጓሬዋን የሚያሳድጉት ጉንዳኖች አልቀው ኖሯል! በኋላ ከስዊድን አምጥተው መለሷት። ጉዳዩ ያለው እግራችሁ ስር ነው፤ ከመንገዱ አትውጡ።

ብርቅዬ ካገኛችሁ ደግሞ ፎቶውን ከመልቀቃችሁ በፊት ያለችበት እንዳይታወቅ ስልካችሁ የሚያያይዘውን የቦታ መረጃ አጥፉት። ትርፍ ባትሪ ስለረሳ ሰው አልናገርም፤ ሁለተኛ አይረሳም።

ያ ሯጭ ልጅስ? ከሰዓት ደክሞት ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ መጥታ ላብ የጠጣው ካልሲው ላይ አረፈች። ጨው ፍለጋ ነው። ትንፋሹን ውጦ ካሜራውን አነሳ። የያዘው አራዊት ከሩቅ የሚነሳበትን ትልቁን ሌንስ ነበር፤ ያን ያህል ቅርብ ያለ ነገር ላይ ፎከስ አይሠራም።